የመሸበት እንግዳ በሻንጋይ

በሀገራችን ልማድ መንገድ ሲሄድ ውሎ ቀን የመሸበት ሰው ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ብሎ ይመልሳል። እንግዳው ከወዴት እንደ መጣና የማን ወገን እንደ ሆነ የሚጠየቀው እግሩን ታጥቦ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ቅኔ ፍለጋ ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን ከደብር ወደ ደብር የዞርን ሰዎች ይህን ንግግር በረኀብና በብርድ ተምረነዋል። በሩ ሲከፈት የሚሰማውን ደስታ፥ ተዘግቶ ሲቀርም የሚያድረውን ኀዘን እናውቃለን።

ነገር ግን ጌታ ራሱ በቤቱ ባዕድ ሠልጥኖበት፥ እንጀራውም ጎድሎበት ሳለ እንግዳ ቢመጣበት ምን ይመልሳል? ይህ ጥያቄ ወደ ልቤ የገባው በመቀሌ ከተማ ሮማናት ከሚባለው አደባባይ አጠገብ ነው። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነት በተነሣ ጊዜና ከዚያም በኋላ በነበሩት ወራት፥ ቤታቸውን ጥለው የመጡ ቤተሰቦች በዚያ ሲያልፉ አይተናል፤ እናት ልጇን አዝላ፥ አባት የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሸክሞ፥ ታላቂቱ ልጅ የታናሿን እጅ ይዛ። ይህን ካየሁ በኋላ የሌላ ከተማና የሌላ ሕዝብ ስደት ታሪክ ሳነብብ፥ ነገሩ ከእኛ ደጃፍ የራቀ መስሎ አልታየኝም። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጃፓን እጅ በነበረችው በቻይና ከተማ በሻንጋይ የተጠጉትን የአይሁድ ስደተኞች፥ ከእነርሱም መካከል የአንዱን ቤተሰብ ነገር ለአንባቢ ላቀርብ ወደድሁ።

አስቀድሞ የዘመኑን ነገር እንመልከት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወራት ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ የእመቤታችንና የልጇ ወደ ግብፅ መሰደድ የሚታሰብበት ነው። የኢጣልያ ጦር መቀሌን የያዘው በዚሁ ወራት፥ ጥቅምት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ ጥቅምት 30 ለኅዳር 1 አጥቢያ 1931 ዓ.ም.፥ በጀርመን አገር ሁሉ የአይሁድ ምኵራቦች በእሳት ተቃጠሉ፤ የሱቆቻቸውም መስተዋት እየተሰበረ በጎዳናው ላይ ፈሰሰ። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትም እንዲሁ በዘመነ ጽጌ የተነሣ ነበር። ከዚህ ምሥጢር ላወጣ አልፈልግም፤ የቀን መገጣጠም ብቻውን ትንቢት አይሆንምና። ነገር ግን ስደትን በማኅሌት እያሰብን በምንቆምበት ሌሊት በእውነት የሚሰደድ ሰው መኖሩን ሊያስታውሰን ይበቃል። ከዚህ በኋላ የማነሣው ዓመት፥ ዓ.ም. ካላልሁበት በቀር፥ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በዚያ ሌሊትና በሚቀጥሉት ቀኖች 30,000 የሚያህሉ አይሁዳውያን ወንዶች ተይዘው ወደ ግዞት ሰፈር ተወሰዱ። ከእነዚህ አንዱ በበርሊን የልብስ ሱቅ የነበረው የብሉመንታል ቤተሰብ አባት ነው። ሰዎች መጥተው ምክንያቱን ሳይነግሩ ወሰዱት፤ ቡኸንዋልድ በሚባለው ግዞትም ታሰረ። በቤት የቀሩት ሚስቱ፥ አንዲት ሴት ልጁና ሚካኤል የተባለው የ12 ዓመት ወንድ ልጁ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የጀርመን መንግሥት የያዛቸውን አይሁዳውያን የሚለቅቀው ከአገር ለመውጣታቸው ማስረጃ ሲያቀርቡ ነበር። ስለዚህ የእስረኛው ሕይወት በሚስቱ እጅ ላይ ወደቀ፤ የቤቱን ዕቃ ሸጣ የመርከብ ወረቀት ገዛች፥ ባልዋንም አስፈታች።

ለመሆኑ ወዴት ይሂዱ? በ1938 በሐምሌ ወር የ32 መንግሥታት መልእክተኞች በፈረንሳይ አገር ኤቪያን በምትባል ከተማ ተሰብስበው ስለ ስደተኞቹ መክረው ነበር። ሁሉም ማዘናቸውን ተናገሩ፤ ከጥቂቶች በቀር ግን በራቸውን ሰፋ አድርጎ የከፈተ አልተገኘም። አንዱ የሥራ እጦትን፥ ሌላው የሕዝቡን ብዛት ምክንያት አደረገ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነቱን ኀዘኔታ ከሁለት ዓመት በፊት በጄኔቭ ቀምሰነዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በሰኔ ወር በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ ያዘነ ብዙ ነበር፥ የረዳ ግን አልነበረም። የእኛም ወገኖች በዚያን ዘመን በኢየሩሳሌም፥ በጅቡቲ፥ በሱዳንና በኬንያ ስደተኞች ነበሩ።

በዚህ ሁሉ መካከል የመግቢያ ፈቃድ የማይጠየቅባት አንዲት ታላቅ የወደብ ከተማ በሩቅ ምሥራቅ ነበረች፤ እርስዋም ሻንጋይ ናት። የተከፈተችበት ምክንያት ግን የሚያኰራ አይደለም። እንግሊዞች በጦርነት ድል አድርገው በ1842 ቻይናን ውል ካስፈረሙ ወዲህ ወደቧ ለባዕዳን ንግድ ተከፍቶ፥ ከተማዪቱ ተከፋፍላ ነበር፤ አንዱ ክፍል ዓለም አቀፍ ሠፈር፥ አንዱ የፈረንሳይ ሠፈር ሆኖ የየራሱ አስተዳደር ነበረው። በ1937 ደግሞ ጃፓን ቻይናን ወርራ በዙሪያው ያለውን አገር በያዘች ጊዜ፥ በወደቡ ቆሞ ወረቀት ይመረምር የነበረው የቻይና ሹም ከስፍራው ተነሣ። በምትኩም ሥልጣኑን አንድ ሆኖ የያዘ አልተገኘም። እንግዲህ የሻንጋይ በር የተከፈተው ባለቤቱ «ግቡ» ስላለ ሳይሆን፥ ባለቤቱ ከበሩ ስለ ተባረረ ነው። የአንዱ ሕዝብ መወረር ለሌላው ሕዝብ መውጫ ሆነ።

ሆኖም ከቻይናዎች ወገን በገዛ ፈቃዱ በር የከፈተ አንድ ሰው መኖሩን መዝለል አይገባም። በቪየና የቻይና ቆንስል የነበረው ሆ ፌንግሻን በ1938ና ከዚያም በኋላ ወደ ሻንጋይ ለሚሄዱ አይሁዳውያን ብዙ የይለፍ ወረቀት ሰጠ። ሻንጋይ ለመግባት ወረቀቱ አያስፈልግም ነበር፤ ከኦስትሪያ ለመውጣትና ከእስር ለመፈታት ግን ያስፈልግ ነበር። አለቃው ይህን እንዲተው ቢያዝዘውም አልተወም። በሕይወቱ ሳለ በዚህ ሥራው ሳይመሰገንበት በ1997 ዐረፈ፤ በ2000 በኢየሩሳሌም ያድ ቫሼም የሚባለው የመታሰቢያ ተቋም ከጻድቃን አሕዛብ መካከል ስሙን ጻፈው።

ወደ ሻንጋይ የሚወስደው መንገድ በእኛ አገር ባሕር አጠገብ ያልፋል። ከጄኖቫና ከትሪየስት የሚነሡት የኢጣልያ መርከቦች ስዊዝን ተሻግረው፥ ቀይ ባሕርን ቈርጠው፥ ምፅዋን በስተ ቀኝ እየተዉ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጡ ነበር። ከነዚህ መርከቦች አንዱ ኮንቴ ቢያንካማኖ የሚባለው፥ ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ወታደር ያመላለሰ ነው። ወራሪ በጫነበት መርከብ ተሰዳጅ ተጫነበት። የብሉመንታል ቤተሰብ ግን በ1939 በጸደይ ወራት ከናፖሊ የተነሣው በጃፓን መርከብ ነበር። ከበርሊን የሚወጣ አይሁዳዊ ከጥቂት ማርክ በላይ ገንዘብ ይዞ እንዲወጣ አልተፈቀደለትም፤ ስለዚህ በመርከብ ሳሉ በአንድ ዓይነት ምግብ ቤት የበሉት፥ ወደቡን ሲረግጡ በአንድ ጊዜ ድኾች ሆኑ።

ስደተኞቹ በብዛት የተቀመጡት ሆንኪው በሚባለው ሠፈር ነው። ይህ ሠፈር በ1932ና በ1937 በተደረገው ውጊያ ፈርሶ፥ ጃፓኖችም ይዘውት፥ ኪራዩ ከሌላው የረከሰ ነበር። ቤቶቹ በጠባብ ስርጥ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ናቸው፤ ባንድ ክፍል አንድ ቤተሰብ፥ አንዳንዴም ሁለት፥ መጋረጃ ጋርዶ ይኖር ነበር። ውኃው ሳይፈላ አይጠጣም፤ የፈላውንም ውኃ በመንገድ ዳር ካለ ምድጃ በማንቆርቆሪያ እየገዙ ይወስዱ ነበር። በበጋ ሙቀቱ፥ በክረምት ብርዱ ይጸናል፤ ተቅማጥና ተስቦም ብዙ ሰው ገደለ። ቤት መከራየት ያልቻሉት፥ በአዳራሽ ውስጥ አልጋ በአልጋ ላይ ተደራርቦ በተዘጋጀ የስደተኞች ማደሪያ ገቡ።

ከእነርሱ በፊት በከተማዪቱ የነበሩ ሁለት የአይሁድ ወገኖች ነበሩ። አንደኞቹ ከባግዳድ ተነሥተው በሕንድ በኩል የመጡት እንደ ሳሱንና እንደ ካዱሪ ያሉ ባለጠጎች፥ ሁለተኞቹ ከሩስያ የተሰደዱት ናቸው። ባለጠጎቹ ገንዘብ አዋጡ፤ ማደሪያና የሾርባ ማዕድ ተሠራ። ሆራስ ካዱሪ በ1939 ለስደተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት አቆመ። ከዚያ ወዲያ ስደተኞቹ ራሳቸው የፈረሰውን ቤት እየጠገኑ ሱቅ፥ ዳቦ ቤትና ቡና ቤት ከፈቱ፤ ጋዜጣ አሳተሙ፤ ቴያትርና ሙዚቃ አሰሙ። ከሆንኪው ጎዳናዎች አንዳንዶቹ ትንሿ ቪየና እስከ መባል ደረሱ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጡት ስደተኞች ከ16,000 እስከ 20,000 ይገመታሉ። በሊትዌንያ የጃፓን ቆንስል የነበረው ሱጊሃራ በ1940 በሰጠው የይለፍ ወረቀት ያመለጡ፥ ሚር የሚባለው የፖላንድ የኦሪት ትምህርት ቤት መምህራንና ደቀ መዛሙርትም በኋላ መጥተው ተጨመሩ። እነዚህ ደቀ መዛሙርት ጦርነቱ እስኪያልቅ ትምህርታቸውን አላቋረጡም፤ ጉባኤ ቤት የኖረ ሰው ይህ ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ ያውቃል።

በ1941 መጨረሻ ሁለት ክፉ ነገሮች ተከታትለው መጡ። በኅዳር ወር የጀርመን መንግሥት በውጭ አገር የሚኖሩትን አይሁዳውያን ሁሉ ዜግነታቸውን ገፈፈ፤ ስለዚህ በሻንጋይ ያለው ስደተኛ የማንም ዜጋ ያልሆነ ሰው ሆነ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ጃፓን ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጥማ ዓለም አቀፉን ሠፈር ያዘች። ባለጠጎቹ የባግዳድ አይሁድ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ዜጎች ስለ ነበሩ ንብረታቸው ተያዘ፥ ራሳቸውም ታሰሩ፤ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው የምጽዋት ገንዘብም ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ ያ የሾርባ ማዕድ ሊዘጋ ደረሰ።

ማዕዱ እንዳይዘጋ ያደረገች ሎራ ማርጎሊስ የምትባል ሴት ናት። በ1941 በግንቦት ወር ከአሜሪካ የአይሁድ ርዳታ ማኅበር ተልካ መጥታ ነበር። ገንዘቡ በተቋረጠ ጊዜ የጃፓኑን ሹም ሄዳ ለምና፥ ከከተማው ሰዎች ከጦርነቱ በኋላ በሚከፈል ብድር ገንዘብ እንድትሰበስብ ፈቃድ አገኘች። የድሮው ወጥ ቤት እንጨትና ከሰል የሚፈጅ ስለ ነበረ፥ በእንፋሎት የሚሠራ ትልቅ ማብሰያ አስተከለች። በዚህም በየቀኑ ለብዙ ሺህ ሰዎች አንድ ማዕድ ይደርስ ጀመር። በ1943 እርስዋም እንደ ጠላት ዜጋ ተይዛ ታሰረች፤ ማብሰያው ግን ሥራውን ቀጠለ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ጽሕፈት ቤት ሲዘጋና ባለጠጋ ሲታሰር፥ የብዙዎችን ነፍስ ያቆየው አንድ በደንብ የተሠራ ወጥ ቤት ነው።

የካቲት 18 ቀን 1943 የጃፓን ጦር አዛዦች አዋጅ አወጡ። የአዋጁ ቃል ለቅኔ ሰው የሚያስገርም ነው። «አይሁድ» የሚል ቃል የለበትም፤ «እስር ቤት» ወይም «ግዞት» የሚልም የለበትም። የሚለው፥ ከ1937 ወዲህ ከጀርመንና ከተጠቀሱት አገሮች የመጡ ዜግነት የሌላቸው ስደተኞች ለጦሩ ጉዳይ ሲባል በተለየ ሠፈር ብቻ ይቀመጡ ነው። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁን ግን የሰማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከነዚያ አገሮች በዚያን ዘመን የመጣና ዜግነት የተገፈፈ ሌላ ማን ነበር? በቅኔ ሰምና ወርቅ የጥበብ መዝናኛ ነው፤ በገዥ አዋጅ ሲገባ ግን ሰሙ ለዓለም መሸፈኛ፥ ወርቁ ለተገዢው ሰንሰለት ይሆናል። የሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ ስደተኞቹ ከየነበሩበት እየተነሡ፥ ሁለት ኪሎሜትር ተኩል ካሬ ያህል በሆነ የሆንኪው ክፍል ታጐሩ። የብሉመንታል ቤተሰብም በዚያ ቹሻን በሚባለው መንገድ ኖረ።

በሠፈሩ ዙሪያ ግንብ አልነበረም፤ መውጣት ግን የሚቻለው በፈቃድ ወረቀትና በደረት ላይ በሚሰካ ምልክት ነበር። ፈቃዱን የሚሰጥ ጎያ የሚባል ጃፓናዊ ሹም ነበረ። ቁመቱ አጭር፥ ቍጣው ረዥም ነበር፤ ራሱን «የአይሁድ ንጉሥ» ብሎ ይጠራ ነበር። ለሥራ ሊወጡ ፈቃድ የሚለምኑትን ሰዎች ቀኑን ሙሉ በሰልፍ አቁሞ፥ አንዱን በጥፊ፥ አንዱን በስድብ ይመልሳል፤ ሌላውን ደግሞ በፈገግታ ይፈቅድለታል። ሚካኤል በዚህ ዘመን በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ጽዳት እየሠራ፥ በሳምንት አንድ ዶላር እያገኘ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። ከትምህርት ቤት ይልቅ በጎዳናው ብዙ ቋንቋ ተማረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የአዋጁ ሠፈር ባዶ መሬት አልነበረም። በዚያው ጠባብ ስፍራ 100,000 ያህል ቻይናውያን ይኖሩ ነበር። እነርሱም ድኾች፥ በጦርነቱ ከየገጠሩ የተፈናቀሉ፥ በባዕድ ጦር የተወረሩ ነበሩ። በክረምት ሌሊት በረኀብና በብርድ የሞተ ቻይናዊ ሬሳው በምንጣፍ ተጠቅልሎ በመንገድ ዳር ሲገኝ ስደተኞቹ በየጧቱ ያዩት ነበር። እነዚህ ሰዎች «ለእኛ ያልበቃ ስፍራ» ብለው በእንግዳው ላይ ቢነሡ ማን ይከለክላቸው ነበር? አልተነሡም። በአንድ ስርጥ አብረው ተቀመጡ፤ ከአንድ ምድጃ ውኃ ቀዱ፤ ሸጡላቸው፥ ገዙላቸው። ነገሩን ከልክ በላይ ላስጊጠው አልፈልግም፤ ቋንቋቸው ስለማይገናኝ ብዙዎቹ ጎረቤት ሆነው ሳይተዋወቁ ኖረዋል። ነገር ግን በኤውሮጳ የተማረው ጎረቤት ጎረቤቱን አሳልፎ ሲሰጥ፥ በሆንኪው ምንም የሌለው ጎረቤት ዝም ብሎ ስፍራ አካፈለ። ለተሰደደ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምጽዋት የለም።

ሞትም አንድ አደረጋቸው። ሐምሌ 17 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች በሠፈሩ ያለውን የጃፓን የራዲዮ ጣቢያ ሊመቱ መጥተው ቦምባቸው በስርጡ ላይ ወደቀ። ከ30 የሚበልጡ ስደተኞችና ከእነርሱ እጅግ የሚበዙ ቻይናውያን ሞቱ። በዚያ ቀን የስደተኞቹ ሐኪሞች ወገን ሳይለዩ የሁሉንም ቍስል አሰሩ፤ አልጋ ልብስ እየተቀደደ መጠቅለያ ሆነ። ቻይናውያኑም በበኩላቸው ምግብና ገንዘብ እያመጡ ረዱ። በነሐሴ ወር ጃፓን እጅ ሰጠች፤ ጦርነቱም አለቀ።

የብሉመንታል ቤተሰብ አራቱም ከጦርነቱ ተረፉ። በ1947 ሚካኤልና እኅቱ ፈቃድ አግኝተው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በዚያም የቀን ሥራ እየሠራ ተምሮ በምጣኔ ሀብት ዶክተር ሆነ። በሻንጋይ ጽዳት የሠራው ልጅ ከ1977 እስከ 1979 የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ነበር፤ በ1979ም ሚኒስትር ሆኖ ቻይናን ጎበኘ። በኋላም አባቱን ወደ ግዞት በወሰደችው በበርሊን የአይሁድ ቤተ መዘክር ሲቋቋም በዳይሬክተርነት መራው። የቀሩትም ስደተኞች እስከ 1949 አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ፥ ወደ አውስትራልያና ወደ እስራኤል ተበተኑ። በሆንኪው የነበረው ኦሄል ሞሼ የተባለው ምኵራባቸው በ2007 ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፍቷል።

ይህን ታሪክ የጻፍሁት ከስደተኛ ልጅ ሚኒስትር ይወጣል ለማለት አይደለም። ከእነዚያ 20,000 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ ሳይታወቁ ኖረው ሳይታወቁ ሞተዋል፤ ነፍሳቸው ግን ከሚኒስትሩ ነፍስ አታንስም። የጻፍሁት ስደተኛን የሚያድነው ማን እንደ ሆነ ለማየት ነው። በኤቪያን የተሰበሰቡት ኃያላን ነበሩ፤ ለማዘን እንጂ ለማሳደር ስፍራ አላገኙም። ስፍራ የተገኘው የራሱ ቤት በተያዘበት ሕዝብ ሠፈር ነው።

ይህንም በመቀሌ አይተነዋል። ትምህርት ቤቶቻችን በተፈናቃይ ሲሞሉ፥ ባንክ ተዘግቶ፥ ስልክ ተቋርጦ፥ የገበያው ዋጋ በየቀኑ ሲወጣ፥ ደመወዙን ያላገኘ መምህርና ሸቀጡ ያለቀበት ነጋዴ ካላቸው ላይ ቆርሰው ወደ እነዚያ ግቢዎች ይወስዱ ነበር። አንዲት የሠፈሬ አሮጊት በመሶቧ ከነበረው ሁለት እንጀራ አንዱን አጥፋ በነጠላዋ ሸፍና ስትወጣ አግኝቻት፥ «እማማ፥ ለራስዎስ?» ብላት፥ «መምሬ፥ ዛሬ የመሸባቸው እነርሱ ናቸው፤ ነገ ለእኔም ይመሻል» አለችኝ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የሰላም ውል ተፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ዓመታት አልፈዋል። ውል ጦርነትን ያቆማል፤ የመሸበትን እንግዳ ግን ቤቱ እስኪገባ ድረስ የሚያሳድረው ጎረቤቱ ነው።

እንግዲህ ዘመነ ጽጌ በመጣ ቍጥር፥ ሌሊት ቆመን ስለ ጥንቱ ስደት ስናዜም፥ ጧት ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገዳችን ላይ የምናገኘውን ሰው እንመልከት። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ማለት፥ ጎተራው ለሞላለት ሰው ቀላል ነገር ነው። የቃሉ እውነት የሚፈተነው እንጀራው ሁለት ብቻ በሆነ ጊዜ ነው።